ለአዲስ ገቢ ትንሽ ሥራ እንተውለት

መቸም ማንም ሰው ከእናቱ ማሕፀን ባለሙያ ሆኖ አልወጣም። ዛሬ አዋቂ የምንለው ሁሉ አንድ ቀን ጀማሪ ነበረ፤ እዚህ የደረሰውም ከእሱ የቀደመ ሰው ትንሽ ሥራ ሰጥቶት፣ ሲሳሳት አርሞት፣ ሲበረታም ከፍ ያለውን ጨምሮለት ነው። ይህን የታወቀ ነገር ዛሬ እንድናነሣ ያደረገን በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ያነጋገርናቸው ወጣቶች አንድ ዓይነት ቅሬታ ስላሰሙን ነው። «ፕሮግራም መጻፍ ተምረናል፤ የምስክር ወረቀትም ይዘናል፤ ነገር ግን ከመልመጃ በቀር እውነተኛ ሥራ ነክተን አናውቅም» ይላሉ።

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኮምፒዩተር ሙያ ለማሠልጠን የኮደሮች መርሐ ግብር መጀመሩ ይታወሳል። ትምህርቱ በኢንተርኔት የሚሰጥ በመሆኑ የገጠሩም ልጅ ሊደርስበት ይችላል፤ ይህም መልካም ነው። ሆኖም ዋና በመጽሐፍ እንደማይለመድ ሁሉ ይህም ሙያ በምስክር ወረቀት ብቻ አይለመድም፤ ሥራ ይፈልጋል።

እንዲህ ያለው ሥራ የሚገኝበት አንድ ሰፊ በር አለ፤ እሱም ኦፕን ሶርስ የሚባለው ነው። ይኸውም የፕሮግራሙ ኮድ ክፍት ሆኖ፣ የፈለገ ሁሉ እንዲያነበው፣ እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው የተፈቀደ ማለት ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጀመረውን ሥራ ክፍት አድርጎ ለሌሎች አሳየ። ያ ሥራ ሊኑክስ ነው፤ ዛሬ በቡሬ ገበያ በነጋዴው ኪስ ያለው የአንድሮይድ ስልክ በውስጡ የሚሠራው በዚሁ ነው።

ነገር ግን አዲስ ገቢው ወደ እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ እልፍ አእላፋት የኮድ መስመር አይቶ ይደነግጣል። ስለዚህ ብልህ የሆኑ የፕሮግራም ጠባቂዎች ትንንሾቹን ጉድለቶች ለይተው «ለጀማሪ የሚሆን» የሚል ምልክት ያደርጉባቸዋል። የተሳሳተ ቃል፣ ያልጠራ መመሪያ፣ በአንድ መስመር የሚታረም የሒሳብ ስሕተት የመሰለው ሁሉ ከዚህ ይቈጠራል። ጀማሪው «ይህን እኔ ልሥራው» ብሎ ያስታውቃል፤ ኮዱን ወደ ራሱ ኮምፒዩተር ገልብጦ ያርማል፤ መልሶም ይልካል። ጠባቂው መርምሮ አስተያየት ይሰጥበታል፤ ከተስማማውም ከዋናው ጋር ያዋሕደዋል። እርማቱ አንዲት ፊደል ብትሆንም ጀማሪው የሥራውን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተማረ ማለት ነው።

እኛም የገባነው በዚሁ በር ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ለክረምት ዕረፍት ፍኖተ ሰላም ተቀምጠን የኢትዮጵያን ዘመን አቈጣጠር የሚያሰላ አንድ ፕሮግራም ስንመረምር፣ ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆንበትን ዓመት አሳስቶ አገኘነው። ጸሐፊው የአውሮፓን ልማድ ተከትሎ ዓመቱ ለአራት ያለ ቀሪ ሲካፈል ነው ብሎ ነበር። በእኛ አቈጣጠር ግን ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ ዓመቱ ለአራት ተካፍሎ 3 ሲቀር ነው፤ 2011 እና 2015 ዓ.ም. ከዚህ ይመደባሉ። ዘመነ ሉቃስን የጎጃም ገበሬ ልጅ ከቤተሰቡ ሲሰማ ያድጋል፤ የውጭ አገሩ ባለሙያ ግን ከየት ያውቀዋል?

የታረመው አንድ አኃዝ ብቻ ነበር። ላክነው፤ ሦስት ወር ሙሉ መልስ አጣን። «አላዋቂነታችንን አይተው ናቁን» ብለን ልንተወው ስንል፣ በሌላ ፕሮግራም ላይ ያገኘነውን አንድ የአማርኛ ቃል ስሕተት አርመን ላክን። በማግሥቱ መልስ መጣ። ጠባቂው አመስግኖን፣ ቃሉ በሌላ ሁለት ቦታም መኖሩን ጠቍሞ እሱንም እንድንጨርሰው ጠየቀን። ጨረስነው፤ ተቀበለንም። ከዚያ ወዲህ ከሥራው አልተለየንም። ሁለቱም እርማቶች ትንንሾች ነበሩ፤ ልዩነቱ የተቀባዩ ነበር።

ይህ ሥርዓት ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ተማሪ ግሱን አጥንቶ ቅኔ መቍጠር ሲጀምር ስምንት ቤት ያለውን መወድስ አምጣ አይባልም። ሁለት ቤት ባላት በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ የቈጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙለታል። እሳቸው ጉባኤ ቃናዋን ባንድ አፍታ ሊያደርሷት ይችላሉ፤ ግን ለተማሪው ይተዉለታል። የሚፈለገው ሁለቱ ቤት ሳይሆን፣ ነገ መወድስ ቈጥሮ ከነገ ወዲያ ወንበር የሚዘረጋው ሰው ነውና።

አንዳንድ ባለሙያ «ለጀማሪ ከማስረዳት እኔው በአምስት ደቂቃ ብጨርሰው ይቀላል» ይላል። ለዛሬው እውነት ነው። ነገር ግን ሁሉን ብቻውን የጨረሰ ሰው የደከመው ቀን ሥራው ባለቤት ያጣል። ስለዚህ ጠባቂ የሆነ ሰው ጉድለቱን ለጀማሪ በሚገባ ቋንቋ ይጻፈው፤ በየትኛው የኮዱ ክፍል እንደሚገኝም ያመልክት። ለተላከለት ፈጥኖ መልስ ይስጥ፤ ሥራውን እንጂ ሰውየውን አይንቀፍ።

ጀማሪውም በበኩሉ ግዴታ አለበት። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2020 ሃክቶበርፌስት በተባለው ዓመታዊ ዝግጅት ላይ ነጻ ቲሸርት ለማግኘት ብዙዎች የማይረባ ለውጥ እየላኩ ጠባቂዎችን ስላስቸገሩ፣ አዘጋጆቹ ደንቡን ለመለወጥ ተገደዋል። ትንሽ ሥራ ማለት ዋጋ የሌለው ሥራ ማለት አይደለም።

ምናልባት በገጠር ኢንተርኔት ደካማ ነው የሚል ይኖራል። ቢሆንም ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው ጊት የተባለው መሣሪያ ኮዱ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ያሠራል። ሳምንቱን በመንደሩ ሲያርም የሰነበተ ወጣት የገበያ ዕለት ወደ ቡሬ ሲወጣ ሊልከው ይችላል።

የመንግሥት ሠራተኞችም ከዚህ ጕዳይ ውጭ አይደሉም። የጤና ተቋሞቻችን ሪፖርት የሚያስተላልፉበት ዲኤችአይኤስ 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ኦፕን ሶርስ ነው። በየቀኑ የሚሠራበት ወጣት ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ ከማጉረምረም ይልቅ መቼና እንዴት እንደ ደረሰበት አጥርቶ ጽፎ ቢያሳውቅ፣ እሱም አንድ እርማት ነው።

እንግዲህ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ያላችሁ መምህራን፣ ለተማሪዎቻችሁ ከፈተናው ጋር አንዲት እውነተኛ ጉድለት ስጧቸው። እናንተም ወጣቶች፣ ትንሽ ናት ብላችሁ አትለፏት። የመጀመሪያዋን እርማት ፈጽማችሁ ስትበረቱ ደግሞ ሁሉን አትጨርሱ፤ ከኋላ ለሚመጣው አንዲት ትንሽ ሥራ አስቀሩለት።