ካርቴጅ ላይ ጨው አልተዘራም፤ ይቅርታ ተማሪዎቼ

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነው፤ ታገሱኝ። በተለይ ዘጠነኛ ክፍል ታሪክ ያስተማርኳችሁ ልጆች እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ዕዳ አለብኝ።

የሮምንና የካርቴጅን ጦርነት ሳስተምር ምን እል እንደነበር ታስታውሳላችሁ አይደል? መጨረሻ ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ሮማውያን ከተማዋን አቃጥለው ሲያበቁ፣ ዳግም ምንም እንዳይበቅልባት መሬቷ ላይ ጨው ዘሩ» እላለሁ። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከኋላ የሚያንቀላፋው ልጅ ሳይቀር ቀና ይላል። እንዲያውም አንድ ዓመት ፈተና ላይ «እውነት ወይም ሐሰት» ብዬ አወጣሁት። አንዲት ልጅ «ሐሰት» ብላ ጻፈች፤ ኤክስ አደረግኩባት። ወረቀቷን ይዛ መጥታ «ቲቸር፣ ያን ሁሉ ጨው ከየት አመጡት?» አለችኝ። «ታሪክ ነው፤ ዝም ብለሽ ያዢው» አልኳት።

ባለፈው ለአጭር የመምህራን ስልጠና ቱኒዝ ሄጄ ነበር። ስልጠናው ሲያልቅ አንድ ሙሉ ቀን ከአስጎብኚ ጋር ካርቴጅን፣ ሲዲ ቡ ሰዒድንና የቱኒዝን አሮጌ ከተማ አየን። ካርቴጅ ዛሬ ከቱኒዝ መሃል በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚያስኬድ የባሕር ዳር ሰፈር ናት። ሰው ይኖርባታል፣ ልብስ ይሰጣባታል። አንዱ የባቡር ጣቢያ ስሙ «ካርቴጅ ሃኒባል» ነው። ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ስም ሰው ዘንቢሉን ይዞ የሚወርድበት ፌርማታ ሆኖ ሳየው ሳቄ መጣ።

መጀመሪያ ቢርሳ ኮረብታ ላይ ወጣን። እኔም አዋቂ ለመምሰል «ጨው የተዘራው የት ጋ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። አስጎብኚያችን ጎልማሳ ሴት ናት። ፈገግ አለች፤ ስንቱ እንደጠየቃት ፊቷ ላይ ያስታውቃል። «የትም አልተዘራም» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማዋ የወደቀችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ146 ነው። ፖሊቢየስ የተባለው ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ከሮማው ጦር አዛዥ ከስኪፒዮ ጋር እዚያው ነበር። ከ300 ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ አፒያን ዝርዝሩን ጽፎታል፦ የየጎዳናውን ውጊያ፣ እሳቱን፣ ከቢርሳ ምሽግ እጁን ሰጥቶ የወጣውን 50,000 ሰው። ጨው ግን የለም። ከጥንት ጸሐፊዎች ካርቴጅ ላይ ጨው ተዘራ ያለ አንድም አልተገኘም። ወሬው ወደ መጻሕፍት የገባው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ከተማ አፍርሶ ጨው የዘራ ከፈለጋችሁ መጽሐፈ መሳፍንት ውስጥ አቤሜሌክን ታገኙታላችሁ፤ እሱ ግን ሴኬም ላይ ነው።

ደግሞ አስቡት። መቶ ዓመት ገደማ ቆይተው እዚያው ላይ አዲስ ከተማ የሠሩት ራሳቸው ሮማውያን ናቸው። «አፍሪካ» ብለው የሰየሙት ያ አውራጃ (የአህጉራችን ስም የመጣው ከዚያ ነው) ሮምን በስንዴ ይቀልብ ነበር። በገዛ እንጀራው ላይ ጨው የሚዘራ ማን ነው? ያቺ ልጅ ጨዋታው ገብቷት ነበር። ያልገባኝ እኔ ነኝ።

ከዚያ ወደ ኮረብታው ጎን ወረድን። ሮማውያን አዲሱን ከተማ ሲሠሩ የኮረብታውን አናት ቆርጠው አፈሩን ወደ ጎን ደፉት። አፈሩ ሥር የካርቴጅ ሰዎች ቤቶች ተቀብረው ቀሩ። በመቀበራቸው ነው እስከ ዛሬ የቆዩት። ጠባብ መንገድ፣ ደረጃ፣ የወለል ንጣፍ፣ ከወለሉ ሥር የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ። ልጅ ያደገበት፣ ወጥ የተሠራበት ቤት። እኔ ያስተማርኳችሁ ጦርነትና ዝሆን ብቻ ነበር፤ ስለ ውኃ ጉድጓዳቸው አንድ ቀን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

ለምን? የምናነበው ያሸነፋቸውን ሰዎች ጽሑፍ ስለሆነ ነዋ። ካርቴጅ ቤተ መጻሕፍት ነበራት። ሮማውያን መጻሕፍቱን ለአካባቢው ነገሥታት አከፋፈሉ፤ ለራሳቸው ያስተረጎሙት የማጎን የእርሻ መጽሐፍ ነው። እሱም ቢሆን ዛሬ ቁርጥራጩ እንጂ ሙሉው የለም። ስለዚህ ካርቴጆች ስለ ራሳቸው የጻፉትን ታሪክ አንብቤ ሳይሆን የጠላታቸውን ክስ ይዤ ነው ሳስተምር የኖርኩት። ጨውማ ጠላት እንኳን ያላለው ተጨማሪ ነው።

ወደቡንም አየን። አፒያን 220 የጦር መርከብ ይይዝ ነበር ያለው ክቡ ወደብ ዛሬ በቪላዎች መሃል የተኛ ኩሬ ነው። ባሕሩ ዳር ያለው ትልቁ የአንቶኒኖስ መታጠቢያ ጋ ሁሉም ሰልፊ ያነሳል፤ እሱ ግን የሮማውያን ነው። ብዙ ጎብኚ «ካርቴጅን አየሁ» ብሎ የሚመለሰው ሮምን አይቶ ነው።

ከሰዓት በኋላ ነጭና ሰማያዊ የተቀባችው ሲዲ ቡ ሰዒድ ሄድን። እዚያ ትኩስ ዘይት ውስጥ የተጠበሰ፣ መሃሉ ቀዳዳ የሆነ፣ ስኳር የተነሰነሰበት ነገር ገዛሁ። ስሙ «ባምባሉኒ» ነው። የኛው ቦምቦሊኖ! ሁለታችንም ስሙን ከጣልያን ነው ያገኘነው። ስለዚህ የዛይቱና መስጊድ ጋ ስንደርስ ዓምዶቹ ከካርቴጅ ፍርስራሽ የመጡ መሆናቸውን ስሰማ አልገረመኝም። ሜዲትራኒያን ላይ ምንም ነገር ባለበት አይቀመጥም፤ ድንጋዩም ቃሉም ይዞራል። ወሬም እንደዚያው ይዞራል፤ ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

ከተመለስኩ በኋላ አሁን መምህር ለሆነ የቀድሞ ተማሪዬ ደወልኩለት። ያንኑ የጨው ታሪክ እያስተማረ ነው፤ ከኔ ነው የሰማው። «ቲቸር፣ አሁን ተሳስቼ ነበር ብላቸው ይንቁኛል» አለኝ። እኔ ግን እንዲህ ይመስለኛል፦ ተማሪ የሚንቀን ስንሳሳት አይደለም። ሲጠይቀን «ዝም ብለህ ያዘው» ስንለው ነው። ዝም ብሎ መያዝ የለመደ ልጅ ነገ ስለ ገዛ አገሩ ታሪክ የተነገረውንም ዝም ብሎ ይይዛል፤ ከዚያ በያዘው ነገር ይጣላል። ውጤቱን በየኮሜንቱ ሥር እያየነው ነው። ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? አይቶ ነው ሰምቶ? ከሁሉም ዓመተ ምሕረት በፊት ማስተማር የነበረብኝ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ነው።

ለማንኛውም ያቺ ልጅ ይህን ካነበበች፦ ትክክል ነበርሽ። አንድ ማርክ አለብኝ። ጓደኞቿ የሆናችሁ ታግ አድርጉልኝ።

መልካም ሳምንት!