በሰው ስም መስራት ይብቃን!

ወገን፣ ዛሬ ስለ መግለጫና ስለ ሰልፍ አናወራም። ስለ እንጀራ እናውራ። ይህ ጽሁፍ ላፕቶፕ ታቅፋችሁ ለምታድሩት ነው፤ ዲዛይን ለምትሰሩት፣ ለምትተረጉሙት፣ ዌብሳይት ለምትገነቡት፣ ቪዲዮ ለምታቀናብሩት። ሰፈሩ "ተመርቆ ስራ የለውም" ይላችኋል። እናንተ ግን እየሰራችሁ ነው። ችግሩ ስራችሁ በስማችሁ አለመሆኑ ነው።

እንዴት እንደሆነ ሁላችንም እናውቀዋለን። ባህር ዳር ወይም ደሴ ያለ ልጅ የአንድ ድርጅት ስራ ያገኛል። ድርጅቱ ደረሰኝ ይጠይቃል። ልጁ ንግድ ፈቃድ የለውም፣ ስለዚህ አዲስ አበባ ፈቃድ ያለው ሰው ይፈልጋል። ደረሰኙ በሰውዬው ስም ይቆረጣል፣ ብሩ በሰውዬው አካውንት ይገባል፣ "የኔን ቀንሼ ነው" ተብሎ የተረፈው ይላካል። ስራው የውጭ ከሆነ ደግሞ አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ የአክስት ልጅ ይለመናል። ዘመድ ይባረክ፣ እሱ ባይኖር ብዙዎቻችን ዶላር በዓይናችን አናይም ነበር። ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ይህ ልጅ በእጁ ምን አለ? ባንክ ብድር ቢጠይቅ የሚያሳየው ገቢ የለም። ጨረታ ቢወዳደር የስራ ልምዱ የተመዘገበው በሌላ ሰው ስም ነው። ደንበኛው ቢክደው ውሉ ላይ የእሱ ስም የለም።

"ፈቃድ ባወጣ ግብር ሊያስከፍሉኝ ነው" የሚል አለ። ወንድሜ፣ አሁንም እየከፈልክ ነው፣ ያውም ከባዱን! የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ድርጅቶች ለአገልግሎት ሲከፍሉ ከክፍያው ላይ ግብር ቀንሰው እንዲያስቀሩ ያዛል። ሰራተኛው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን) ካላቀረበ የሚቀነሰው 30 በመቶ ነው። የ50,000 ብር ትርጉም ሰርተህ 15,000 ብሩ እዚያው ይቀራል ማለት ነው። ቲንና ፈቃድ ያለው ሰው የሚቀነስበት ጥቂት በመቶ ብቻ ነው፣ እሱም ዓመቱ ሲዘጋ ከሚከፍለው ግብር ላይ ይታሰብለታል። እንግዲህ የትኛው ይሻላል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በምን መልክ እንመዝገብ? ብዙ ልጅ "ካምፓኒ ልክፈት" ብሎ ይነሳል። ስሙ ያምራል፣ ግን መጀመሪያ ልዩነቱን እወቁ።

አንደኛው መንገድ የግለሰብ ነጋዴ ሆኖ መመዝገብ ነው። ንግድ ምዝገባና ፈቃዱ በራሳችሁ ስም ይወጣል። ቀላሉና ርካሹ ይሄ ነው። ጉዳቱ አንድ ነው፤ ስራው ዕዳ ቢያመጣ ከግል ንብረታችሁ ጋር ግድግዳ የለውም። በስማችሁ ያለው ቤትም መኪናም ይነካል። ለአብዛኛው ጀማሪ ግን ምን ቤት፣ ምን መኪና? ከዚህ መጀመር ይበቃል።

ሁለተኛው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ነው። በ1952ቱ ንግድ ሕግ ይህን ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ሰው ሚስቱን፣ እናቱን፣ ጓደኛውን ለወረቀት ብቻ አባል ያደርግ ነበር። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን እንዲያቋቁም ፈቀደ። ለብቻው ለሚሰራ ባለሙያ ትልቅ በር ነው። ዕዳው የማህበሩ ይሆናል፣ የግል ንብረታችሁ ይለያል። ግን ይህ የሚሰራው እናንተም ገንዘባችሁን ከለያችሁ ነው። የማህበሩን ብር እንደ ኪስ ገንዘብ እያወጣ የሚበላ ሰው ጥበቃውን በገዛ እጁ ያፈርሰዋል።

ዋጋም አለው። ማህበር ገቢው ትንሽም ቢሆን ደረጃ "ሀ" ግብር ከፋይ ነው፤ የተሟላ የሂሳብ መዝገብ መያዝ አለበት። ያ ማለት የሂሳብ ባለሙያ መቅጠር ነው። ከትርፉ 30 በመቶ ግብር ይከፈላል፣ ትርፉን ወደ ራሳችሁ ስትወስዱ ደግሞ የትርፍ ድርሻ ግብር አለ። ስለዚህ ቋሚ ደንበኛ ወይም ትልቅ ውል ሳትይዙ ለማዕረግ ብላችሁ "ዋና ስራ አስኪያጅ" አትሁኑ።

ሌላም ማንም የማይነግራችሁ ነገር አለ። ፈቃድ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታህሳስ 30 ይታደሳል፣ ከዚያ በኋላ ቅጣት አለ። ገቢ ባታገኙም "አላገኘሁም" ብላችሁ ማሳወቅ አለባችሁ። ስራው ካልሆነላችሁ ፈቃዱን በስርዓት መልሱ፣ ክሊራንስ ውሰዱ። ፈቃድ አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ የረሳ ልጅ ከዓመታት በኋላ የሚጠብቀው የቅጣት ክምር ነው።

የውጭ ስራ ለምትሰሩም አንድ ለውጥ አለ። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ባወጣው የውጭ ምንዛሪ መመሪያ ከውጭ ገንዘብ የሚላክላቸው ወይም ደመወዛቸው በውጭ ምንዛሪ የሆነ ነዋሪዎች የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍቱ ተፈቅዷል። ባንካችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። በአክስት ልጅ አካውንት ከመንጠልጠል መውጫው አንዱ መንገድ ይሄ ነው።

ይህን ሁሉ ስንል ሸክሙን ወጣቱ ላይ ብቻ እየጫንን አይደለም። መንግስትም ይስማ። በኢንተርኔት መዝግቤያለሁ፣ አዘምኛለሁ ይላል፤ ጥሩ ነው። ግን አድራሻ አምጡ ሲባል የሚኖርባት አንዲት ክፍል ውስጥ የሚሰራ ልጅ የኪራይ ውል ከየት ያምጣ? አከራዩ ግብር ፈርቶ ውል አይፈርምም። ላፕቶፕ ለሆነ "ድርጅት" እንደ ሱቅ በር መጠየቅ ምን ይሉታል? ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ በኔት የሚኖረው ወጣት ደንበኛውን ያጣው ሰነፍ ስለሆነ አልነበረም። ያንን ኪሳራ የጠየቀለት የለም። ለምን? በወረቀት የሌለ ስራ ስለነበረ ነው። ያልተመዘገበ ስራ ሲጠፋም አይቆጠርም።

ለዚህ ነው ጉዳዩ የግል ብቻ ያልሆነው። ስለ ሕዝባችን ድህነት ስንጮህ "መረጃው የት አለ?" እንባላለን። ሺህ ወጣት በስሙ ተመዝግቦ ቢሰራ ሺህ ድምጽ ነው፤ ንግድ ቢሮ ሄዶ "ግብር ከፋይ ነኝ፣ ኢንተርኔቴን ለምን ዘጋህ?" ማለት ይችላል። በሰው ስም የሚሰራ ግን ምን ብሎ ይጠይቃል?

ለብቻችሁም አትሁኑ። የንግድ ሕጉ ባለሙያዎች ተጣምረው የሚሰሩበትን ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማህበርም አምጥቷል። ጎንደር ያለ ዲዛይነር፣ ደብረ ብርሃን ያለች የሂሳብ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ ያለ ፕሮግራመር ቢጣመሩ አንዱ ጋ ኔት ቢጠፋ ስራው በሌላው በኩል ይቀጥላል። የሂሳብ ባለሙያ ወጪውም ይካፈላል። ብቻ ፍቅር ሳለ ውል ጻፉ፤ "ወንድሜ ነው" ብለው ያለ ወረቀት ጀምረው በፍርድ ቤት የተለያዩ ስንት አሉ!

ቤተሰብም ይስማን። "ኮምፒውተር ላይ ተጎልቶ ይውላል" እየተባለ የሚናቀው ስራ ሙያ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጁን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀር አዋጅ ያስነገሩ ንጉስ ናቸው። እኛ የዛሬን ባለሙያ መናቅ የት አመጣነው?

እንግዲህ ከዚህ ሳምንት ጀምሩ። ፋይዳ ያላወጣችሁ አውጡ፣ ቲን ያዙ፣ ገቢና ወጪያችሁን በደብተር መጻፍ ጀምሩ። አንድ ደንበኛ ያለው በግለሰብ ይመዝገብ፤ ቋሚ ውል ያለው ስለ ማህበር ያስብ። የግብር ምጣኔ በ2017 በወጣው ማሻሻያ ስለተነካ ከመመዝገባችሁ በፊት የወረዳችሁን ገቢዎች ቢሮ ጠይቁ። የሂሳብና የሕግ ምሩቃን የሆናችሁ የዚህ ገጽ ተከታታዮች ደግሞ ለሰፈራችሁ ልጆች በነጻ አስረዱ። ትግል ማለት ይሄም ነው።

ላልደረሰው አድርሱ።

ስራችን በስማችን!