ምግብና መኝታ የዲግሪ ዕዳ ሲሆኑ፦ የወጪ መጋራት ሥርዓት ለምን እንደገና መታየት አለበት?

በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚመደብ ተማሪ በምዝገባ ሰሞን ከሚፈርማቸው ወረቀቶች አንዱ የወጪ መጋራት ውል ነው። ብዙው ተማሪ ይህን ውል መልሶ የሚያስታውሰው ግን ከዓመታት በኋላ፣ ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ለመውሰድ በሬጅስትራር መስኮት ፊት ሲቆም ነው። በሁለቱ ቀናት መካከል ዕዳው እንዴት እንደተሰላ፣ ለምን ያን ያህል እንደሆነና ከምን ዓይነት ገቢ ላይ ሊከፈል እንደሚገባ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው፦ ወጪን የመጋራት ሐሳብ ትክክል ነው፤ የአሰላሉና የአሰባሰቡ ሥርዓት ግን ሐሳቡን ትክክል ያደረጉትን ምክንያቶች ዘንግቷል።

የሐሳቡ መነሻ

የሥርዓቱ ዘር የተገኘው ከአውስትራሊያ ነው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1974 የዩኒቨርሲቲ ክፍያን ሙሉ በሙሉ አስቀርታ ነበር። የተማሪው ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ ግን የቦብ ሆክ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1989 አዲስ መንገድ ቀየሰ። በዚህ መንገድ መንግሥት ለእያንዳንዱ የተደጎመ የትምህርት ቦታ የወጪውን አብዛኛውን ክፍል ይሸፍናል፤ ተማሪው ደግሞ የተወሰነ ድርሻ ይይዛል። ድርሻው በመጀመሪያ ለሁሉም የትምህርት ዘርፎች እኩል፣ በዓመት 1,800 የአውስትራሊያ ዶላር ነበር። ተማሪው ይህን በምዝገባ ቀን እንዲከፍል አይገደድም። መንግሥት በእርሱ ስም ለዩኒቨርሲቲው ይከፍልለታል፤ ተመራቂውም ገቢው ከተወሰነ ወለል ሲያልፍ ብቻ በግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት በኩል ይመልሳል። ገቢው ከወለሉ በታች በሆነበት ዓመት ምንም አይከፍልም።

የዚህ አሠራር ቀማሪ ተብለው የሚታወቁት የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ብሩስ ቻፕማን ያቀረቡት አመክንዮ ሁለት እግሮች አሉት። አንደኛ፣ ነጻ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በእውነቱ ነጻ አይደለም። ልጁ ከዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልደረሰለት ግብር ከፋይም ወጪውን ይሸከማል፤ ስለዚህ ከዲግሪው የሚጠቀመው ሰው ድርሻ ቢኖረው ፍትሐዊ ነው። ሁለተኛ፣ ክፍያው በቅድሚያ ከተጠየቀ ድሀው ይቀራል፤ ያለ ገቢ ወለል ከተጠየቀም ትምህርቱ ያላዋጣለት ሰው ይቀጣል። ስለዚህ ክፍያው ከጥቅሙ በኋላ፣ በጥቅሙም ልክ መምጣት አለበት።

ቻፕማን በጉዳዩ ላይ ካማከሯቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 ከወጣ በኋላ፣ ከ1996 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የወጪ መጋራት ተግባራዊ ሆነ። ቀድሞ ትምህርቱም፣ ምግቡም፣ መኝታውም በመንግሥት ይሸፈን ነበር። በአዲሱ ደንብ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ እንዲጋራ ተወሰነ። ዕዳው ከምረቃ በኋላ በምሩቃን ግብር መልክ፣ ቢያንስ ከወር ደመወዝ 10 በመቶ እየተቀነሰ ይከፈላል። በመምህርነት የሚሰማሩ ተመራቂዎች ግን ድርሻቸውን በአገልግሎት እንዲከፍሉ ተፈቅዷል።

ከውሰቱ የቀረው

የመጀመሪያው ጉድለት በዕዳው ይዘት ላይ ነው። የአውስትራሊያው ተማሪ ድርሻ የሚሰላው ከትምህርቱ ብቻ ነው፤ የኑሮ ድጋፍ ሌላ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያው ዕዳ ግን ሁለቱን ይደባልቃል፤ ያውም ምግቡና መኝታው በሙሉ፣ ትምህርቱ በከፊል ነው የሚታሰበው። ይህ ምን እንደሚያስከትል ለመረዳት ሁለት ተማሪዎችን ማሰብ ይበቃል። አንዷ ጅማ ተወልዳ ያደገች፣ ከወላጆቿ ቤት እየተመላለሰች የምትማር ናት። ሌላዋ ከላስታ ገጠር ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የተመደበች ናት። በአንድ ክፍል ይማራሉ፤ በአንድ ቀን ይመረቃሉ፤ ዲግሪያቸውም አንድ ነው። የላስታዋ ተማሪ ዕዳ ግን ይበልጣል፤ ምክንያቱም ግቢ ውስጥ ማደርና መመገብ ነበረባት። ዕዳው የሚለካው ዲግሪው ያስገኘውን ጥቅም ሳይሆን በዩኒቨርሲቲውና በወላጆቿ ቤት መካከል ያለውን ርቀት ሆነ ማለት ነው።

ሩቅ መማር የተማሪዋ ሙሉ ምርጫ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። የምደባውን የመጨረሻ ውሳኔ የሚሰጠው ግን መንግሥት ነው። የመደበው አካል ምደባው ያስከተለውን የመኝታ ሒሳብ ሙሉ በሙሉ ለተመዳቢዋ ማስተላለፉ ከፍትሕ ጋር የሚታረቅ አይደለም።

ሁለተኛው ጉድለት የገቢ ወለል አለመኖሩ ነው። በወር 6,000 ብር የሚያገኝ ጀማሪ ሠራተኛ ከደመወዙ 600 ብር ይቀነስበታል፤ 30,000 ብር የሚያገኘው ደግሞ 3,000 ብር። መቶኛው እኩል ቢሆንም ሸክሙ እኩል አይደለም፤ የመጀመሪያው ሰው የሚያጣው ከአስቤዛው ላይ ነው። የመደበኛው ገቢ ግብር ሕግ እንኳ ይህን ልዩነት ያውቃል፤ በ2017 ዓ.ም. በተደረገው ማሻሻያ ከግብር ነጻ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። የምሩቃን ግብር ስሙን ከግብር ወስዶ የግብርን ርኅራኄ ግን ትቶታል።

ሦስተኛው፣ ምናልባትም ከሁሉ የከፋው ጉድለት በአሰባሰቡ ላይ ይታያል። ሥርዓቱ በቀጣሪው በኩል ከደመወዝ በሚደረግ ቅነሳ ላይ ቢመሠረትም በተግባር የዕዳው ዋና መያዣ የትምህርት ማስረጃው ሆኗል። ተመራቂው ጊዜያዊ ዲግሪ ይሰጠዋል፤ ዋናውን የሚያገኘው ክፍያውን ሲያጠናቅቅ ነው። ሥራ ያላገኘ፣ በግሉ የሚሠራ ወይም ወደ ውጭ አገር ለሁለተኛ ዲግሪ ዕድል ያገኘ ተመራቂ ዕዳውን በአንድ ጊዜ መክፈል ይጠበቅበታል። ገቢ ሲገኝ ይከፈላል የተባለው ድርሻ ገቢ ለማግኘት አስቀድሞ የሚከፈል ሆነ። ዘመድ ያለው ይበደራል፤ የሌለው ዕድሉን ያሳልፋል። ሥርዓቱ ሊያስወግደው የተነሣው የቅድሚያ ክፍያ በጓሮ በር ተመልሶ ገባ።

መቃወሚያዎችና ምላሾቻቸው

ምግብ የግል ፍጆታ ነው፤ ተማሪው ቤቱም ቢሆን ይበላ ነበር የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ሚዛን የሚደፋ ነጥብ ነው። ነገር ግን በእርሻ የሚተዳደር ቤተሰብ ልጁን በቤቱ ሲመግብ የሚያወጣውና ተቋም በገበያ ዋጋ ገዝቶ ሲመግብ የሚያወጣው አንድ አይደለም። ሌላው መቃወሚያ የገቢ ወለል ከተደነገገ የመንግሥት ገቢ ይቀንሳል የሚል ነው። ይሁንና ወለል ዕዳን አይሰርዝም፤ ያዘገየዋል እንጂ።

የአውስትራሊያው ሥርዓትም እንከን አልባ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የተደረገው ለውጥ የሰብአዊ ሳይንስ ተማሪዎችን ድርሻ ከእጥፍ በላይ አስጨምሯል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ዕዳው ከዋጋ ንረት ጋር ተስተካክሎ በአንድ ጊዜ 7.1 በመቶ በማደጉ ብርቱ ቅሬታ አስነሥቷል። ሆኖም ቅሬታው ፍሬ አፍርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ ሕግ የተመራቂዎችን ዕዳ በ20 በመቶ ቀንሶ የመክፈያውን የገቢ ወለል ወደ 67,000 ዶላር ከፍ አድርጓል። ስሌቱ በይፋ የሚታወቅ ሥርዓት ሲሳሳት ስሕተቱ ይታያል፤ ስለሚታይም ይታረማል።

ምን ይደረግ?

ሦስት እርምጃዎች ተገቢ ናቸው። አንደኛ፣ የኑሮ ወጪ ከትምህርት ወጪ ተለይቶ ይሰላ፤ በምደባ ከቤቱ ለራቀ ተማሪም መንግሥት የመኝታውን ድርሻ ይሸከም። ሁለተኛ፣ ከገቢ ግብሩ ጋር አብሮ የሚሻሻል የክፍያ ወለል ይደንገግ። ሦስተኛ፣ ዋናው ዲግሪ ከመያዣነት ይውጣ፤ ክፍያው በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አማካይነት ተመራቂውን ይከተል።

ጉዳዩ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ የገባበት የራስ ገዝነት ጉዞ ሌሎችም ተቋማት የሚከተሉት መንገድ ነው፤ ከዚህም ጋር ማን ምን ያህል ይክፈል የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ይጠነክራል። ራስ ገዝ ተቋም ዋጋ ሲተምን የሚነሣው አስቀድሞ ካለው የወጪ መጋራት አሠራር ነው፤ መነሻው የተዛባ ከሆነ መድረሻውም አይቃናም። የላስታዋ ተማሪ ድርሻዋን ለመክፈል እምቢ አላለችም። የምትጠይቀው ለተማረችው እንጂ ለመንገዱ ርዝመት እንዳትከፍል፣ እርሱንም ሥራ ስታገኝ እንድትከፍል ነው።