ጀለቲኑን የሚያይ ዓይናችን ሰሊጡን ለምን ያልፋል?



ይህን የምጽፈው ባለፈው ረመዳን እዚሁ ቨርጂኒያ፣ እኛው መስጂድ ውስጥ በደረሰ ነገር ነው። ኢፍጣር ላይ አንዲት እናት ወደ ሳህኑ እየጠቆመች «ኡስታዝ፣ ይሄ ሰሊጥ አለበት?» አለችኝ። «የለበትም እህቴ፣ ሐላዋ ነው» አልኳት። እኔ ሐላዋ ሲባል የማውቀው ጣፋጭነቱን ብቻ ነበር። ይህኛው የዓረቦቹ ሐላዋ ግን ዋናው ነገሩ የተፈጨ ሰሊጥ ነው። ልጇ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በላ። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ከንፈሩ አበጠ፣ ሰውነቱ ሳማ እንደለበለበው ሽፍ አለ፣ ትንፋሹ ማፏጨት ጀመረ። አንዱ ይቀራበታል፣ አንዱ «አየር ስጡት» ይላል፣ እኔ ዘምዘም ይዤ እሮጣለሁ። መድኃኒቱ፣ ኤፒፔኑ፣ መኪናቸው ውስጥ ነበር። አባቱ ሮጦ አምጥቶ ጭኑ ላይ ወጋው። አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ ተርፏል።

ማታ ወጥ ቤቱን ስናጸዳ የሐላዋውን ካርቶን ከቆሻሻ ውስጥ አወጣሁት። ጎኑ ላይ ተጽፏል፦ ሰሊጥ አለበት።

ያ ጽሑፍ በአጋጣሚ አልተገኘም። አሜሪካ ውስጥ በ2004 የወጣ ሕግ የታሸገ ምግብ የሚያመርት ሁሉ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሽሪምፕና መሰሎቹን፣ ኦቾሎኒ፣ እንደ አልመንድ ያሉ የዛፍ ለውዞችን፣ ስንዴና አኩሪ አተርን በግልጽ እንዲጽፍ አስገደደ። ሰሊጥ 9ኛ ሆኖ የተጨመረው በ2021 በወጣ ሕግ ነው፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮም ግዴታ ሆነ። (አንዳንድ ዳቦ ጋጋሪዎች ማሽናቸውን ከሰሊጥ ማጽዳት ከበዳቸውና ሆን ብለው የሰሊጥ ዱቄት ጨምረው «ሰሊጥ አለበት» ብለው ጻፉ። ሕግ ጠምዛዥ የሌለበት አገር የለም።) እንግዲህ መንግሥት የድርሻውን አደረገ። እኛ ደግሞ ሐላዋውን ሳህን ላይ ገልብጠን ጽሑፉን ከካርቶኑ ጋር ጣልነው።

የሚያሳፍረው ማንበብ የማንችል አለመሆናችን ነው። ሱቅ ስንገባ እኮ ብስኩቱን አገላብጠን ጀለቲን አለበት ወይ፣ የአሳማ ስብ አለበት ወይ እያልን እንመረምራለን። ልጆቻችንን ያስተማርነውም ይህንኑ ነው፤ ደግም አደረግን። ታዲያ እዚያው መስመር ላይ፣ ከጀለቲኑ አጠገብ ያለው ሰሊጥ ለምን አይታየንም? የወንድምህ ልጅ ነፍስ የምታልፍበት ነገር አይደለም እንዴ?

«ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚሉኝ አሉ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2021 ባሰባሰበው መረጃ የምግብ አለርጂ ያለባቸው ልጆች ከመቶ 5.8 ናቸው። ጥቁር ልጆችን ለይቶ ሲያይ ቁጥሩ 7.6 ነው፤ ከነጮቹም ይበልጣል። የእኛ ልጆች በዚያ መዝገብ በየትኛው ዓምድ የሚቆጠሩ ይመስላችኋል?

«አገር ቤት ለውዝና ቆሎ እየቆረጠምን አደግን፣ ምን ሆንን?» የሚሉ አባቶች ግን ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ይህን ልመስክርላቸው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2000 አለርጂ ያሰጋቸዋል የሚባሉ ልጆች እስከ ሦስት ዓመት ኦቾሎኒ እንዳይቀምሱ መከረ። ምክሩ አልጠቀመም፤ በ2008 ተነሣ። በዚያው ዓመት የወጣ ጥናት በእንግሊዝና በእስራኤል ያሉ የአይሁድ ልጆችን አነጻጸረ፦ በሕፃንነታቸው ኦቾሎኒ የማይሰጣቸው የእንግሊዞቹ 1.85 ከመቶ፣ በጨቅላነታቸው ጀምረው የሚበሉት የእስራኤሎቹ 0.17 ከመቶ አለርጂ ነበረባቸው። በ2015 ደግሞ 640 ሕፃናት የተካፈሉበት የለንደን ጥናት ቀድሞ ማስቀመስ እንደሚከላከል በግልጽ አሳየ። ስለዚህ የሐኪሞቹ ፖሊሲ ስቶ ነበር፤ ስሕተቱ ሲታወቅ ታረመ። ግን አባቶቼ፣ ይህ ገና ላልታመመ ሕፃን ነው፤ ለዚያውም ኤክዜማው የበረታ ወይም እንቁላል የማይስማማው ከሆነ ሐኪም አይቶት። አለርጂው ያለበትን ልጅ «ትንሽ ቅመስ፣ ይለምድሃል» ማለት በነፍሱ መጫወት ነው።

«ቢስሚላህ ብሎ የበላ ምን ይሆናል፣ ይልቅ ሩቅያ አድርጉለት» ላለኝ ወንድሜም መልስ አለኝ። ሩቅያ ሐቅ ነው፤ መርፌው ከተወጋ በኋላ አምቡላንስ እስኪመጣ ቅራበት። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን በጉዞ ላይ ራሱን ድንጋይ የፈነከተው ሰው ጀናባ ሆኖ ጓደኞቹን ተየሙም ይበቃኝ እንደሆን ጠየቃቸው። የለህም አሉት። ታጠበና ሞተ። ነቢዩ ሲሰሙ የተቆጡት ሳያውቁ በመለሱት ላይ ነው፤ ካላወቁ ለምን አልጠየቁም ብለው። የእኔ «የለበትም» ከዚያ በምን ይለያል?

ወደ መድረሳችን ልምጣ። እዚሁ ቨርጂኒያ በ2012 አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ በትምህርት ቤት በኦቾሎኒ አለርጂ ሞተች። በዚያው ዓመት ግዛቱ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ኤፒነፍሪን እንዲያስቀምጡ ሕግ አወጣ። የእኛ የቅዳሜና እሑድ መድረሳ በዚያ ሕግ ውስጥ የለም። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ከአንድ ፌስታል በኦቾሎኒ የተቀላቀለ ቆሎ ይካፈላሉ። ግድግዳው ላይ የእሳት ማጥፊያ ተሰቅሏል፤ መርፌው የለም።

«ውድ ነው» ይባላል። ውድ ነበር፤ ነውርም ነበር። በ2007 ጥንዱ 100 ዶላር ገደማ የነበረው ኤፒፔን በ2016 ወደ 600 ገብቶ የኩባንያው ኃላፊ ኮንግረስ ፊት ቀርበው ተጠይቀዋል። ዛሬ ረከስ ያለ ተመሳሳይ አለ፤ ከኦገስት 2024 ወዲህ በአፍንጫ የሚነፋም ተፈቅዷል። ባለፈው ዓመት ለምንጣፍ መቀየሪያ ያዋጣነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ።

የሚቀጥለው እሑድ ከዙህር በኋላ ኮሚቴው ይሰበሰባል። ሦስት ነገር ይዤ እገባለሁ። አንደኛ፣ ኢፍጣር ላይ ካርቶኑ ከሳህኑ አጠገብ ይቀመጥ፤ ከቤት አብስሎ የሚያመጣም ያስገባውን በወረቀት ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ከሐኪም ጋር ተነጋግረን በሕጋዊ መንገድ መርፌው ይገዛና ቢሮ ይቀመጥ፤ ሙቀት ያበላሸዋልና መኪና ውስጥ አይሁን። ሦስተኛ፣ ኡስታዞች ሁሉ እንሠልጥን፦ ትንፋሽ ሲያጥር መጀመሪያ መርፌው፣ በጭን ውጫዊ ጎን፣ በሱሪ ላይም ቢሆን፤ ወዲያው 911። ቤናድሪል ሰጥቶ መጠበቅ አይሆንም። ልጁ ቢሻለውም ሆስፒታል ይሂድ፣ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስበት ይችላልና።

የዚያ ልጅ እናት ከዚያ ወዲህ ኢፍጣር ላይ አልመጣችም። ከስብሰባው በፊት ልደውልላትና ሐሳቧን ልጠይቃት አስቤያለሁ፤ መጀመሪያ ግን ዐፉ በሉኝ ልላት።