የጌዴኦ ክረምት በዜና ውስጥ አልነበረም



በ2010 ክረምት ቴሌቪዥን የከፈተ ሰው የሚያየው አዲስ አበባንና አስመራን ነበር። ሐምሌ 1 ቀን የተከፈተውን የዕርቅ በር እኛም በደስታ ተቀብለናል፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን በዚያው ሐምሌ በጌዴኦ ዞን ከ8 መቶ ሺህ በላይ ተፈናቃይ ክረምቱን በሰው ደጅ እየገፋ ነበር። በሚያዝያ፣ ዳግመኛም በሰኔ ከምዕራብ ጉጂ ሸሽቶ የመጣው ሕዝብ በገደብ፣ በኮቸሬና በይርጋጨፌ በየትምህርት ቤቱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና ባላለቁ ሕንፃዎች ተጨናንቆ ያድር ነበር። ከጉጂ ወገንም ቤቱን ያጣው ብዙ ነበር።

የደጋውን ብርድ የዲላ ሰው ያውቀዋል። መሬቱ ጭቃ፣ ማገዶው እርጥብ ነበር፤ ልጆች በአንድ ነጠላ ያድሩ ነበር። ይህ ለዋናው ዜና አልበቃም። ከ2004 ጀምሮ በየጁሙዓው "ድምፃችን ይሰማ" ስንል የኖርን ሰዎች፣ ጮኾ ሰሚ ማጣት ምን እንደሆነ ነጋሪ አያሻንም።

በዚያ ዓመት ዓረፋ ነሐሴ 15 ዋለ። ከተፈናቃዩ አብዛኛው ክርስቲያን ስለነበር የእኛን እርድ ላይበላ ይችል ነበር፤ ሥጋ ልከን ግዴታችንን ተወጣን ማለት አልነበረብንም። ብርድ ልብስ፣ ሸራ፣ ድስትና የልጅ ልብስ ይሻል ነበር። የጎረቤት ሐቅ እንደሆነ ሃይማኖት አይጠይቅም። የየመስጂዱ ኮሚቴ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ መሰብሰብ መጀመር ነበረበት፤ ኢማሞቻችንም በኹጥባቸው ገደብንና ኮቸሬን በስማቸው ማንሣት ነበረባቸው። ዕቃው ከዓረፋ በፊት ዲላ መድረስ ነበረበት።