የደብልዩ ቦዞን ክብደት ክርክርና የመግነጢሳዊ መስክ ካርታ

በአውሮጳው የኑክሌር ምርምር ድርጅት በሰርን የሚሠራው የሲኤምኤስ ተመራማሪዎች ቡድን፣ ደብልዩ ቦዞን የተባለው መሠረታዊ ቅንጣት ክብደት 80,360 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት መሆኑን እ.ጎ.አ. በመስከረም 2024 አስታውቋል። ቁጥሩ ወደላይም ወደታችም ሊስት የሚችለው በ10 ገደማ ብቻ ነው። ውጤቱ ስታንዳርድ ሞዴል የሚባለው የፊዚክስ ንድፈ ሐሳብ ከሚተነብየው 80,357 ጋር ይስማማል። በ2022 ግን በዩናይትድ ስቴትስ የፌርሚላብ ሲዲኤፍ ቡድን ያወጣው ቁጥር 80,433 ነበር። የሲዲኤፍ ውጤት ከትንበያው የሚርቀው ከሺህ አንድ እጅ ያህል ነው። ይህች ትንሽ ልዩነት እውነት ከሆነች፣ ፊዚክስ እስካሁን ያልደረሰበት ቅንጣት ወይም ኃይል መኖሩን ትጠቁማለች። እንዲህ ያለውን ልዩነት ለመዳኘት በቅድሚያ የማግኔቱን መስክ አጥርቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከመታጠፊያ ወደ ክብደት

ደብልዩ ቦዞን እንደተፈጠረ ወዲያው ይፈራርሳል፤ ከፍርስራሹም አንዱ ሙዮን ሊሆን ይችላል። ሙዮን በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሲያልፍ መንገዱ ይታጠፋል፤ ብርቱው ጥቂት፣ ደካማው ብዙ። ተመራማሪዎች ከመታጠፊያው ተነስተው የሙዮኑን ሞመንተም፣ ከዚያም የቦዞኑን ክብደት ያሰላሉ። የመስኩ ጥንካሬ ከሺህ በአንድ እጅ ተዛብቶ ቢገመት ክብደቱ በ80 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይዛባል። የሲዲኤፍን ቁጥር ከንድፈ ሐሳቡ የለየውም 76 ነው።

መስኩ እንዴት ተለካ?

የሲኤምኤስ ማግኔት ርዝመቱ 12.5፣ የውስጡ ስፋት 6 ሜትር የሆነ፣ ከዜሮ በታች ወደ 268 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚቀዘቅዝ ግዙፍ ጥቅል ነው። የሚፈጥረው መስክ 3.8 ቴስላ ሲሆን፣ ይህም ከመሬት መስክ 100,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። መሣሪያው ፈረንሳይ ውስጥ 100 ሜትር ያህል ከመሬት በታች ከመውረዱ በፊት፣ በ2006 ባለሙያዎች በማግኔቱ ውስጥ ሴንሰሮችን እያዞሩ መስኩን ለክተዋል። ልኬቱ በኮምፒውተር ከተሠራው ሞዴል ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ከሺህ ከአንድ እጅ በታች ሆነ።

ጥቅሉን የከበበው 12,000 ቶን ብረት ግን ሌላ ፈተና ነበር። ሴንሰር በጥቅጥቅ ብረት ውስጥ ማንሸራሸር አይቻልም። መፍትሔው የመጣው ከሰማይ ነው፦ በ2008 ከጠፈር ጨረር የሚመነጩና ብረቱን አቋርጠው የሚያልፉ ሙዮኖች ተመዘገቡ። መታጠፊያቸው ሲመረመር የቀድሞው ሞዴል በብረቱ ውስጥ ያለውን መስክ አጋኖ መገመቱ ታወቀ። ሞዴሉ ታረመ፤ መስኩም እንደየቦታው ከ3 እስከ 8 በመቶ በሚደርስ ትክክለኛነት ተወሰነ።

ካርታው ብቻውን አይበቃም

በጥቅሉ ውስጥ የተገኘው ከሺህ የአንድ እጅ ትክክለኛነት ለብዙ ምርምር ከበቂ በላይ ነው፤ ለደብልዩ ቦዞን ግን አይበቃም። ስለዚህ የሲኤምኤስ ቡድን ክብደቱ አስቀድሞ እጅግ በትክክል የታወቀውን ጄ/ፕሳይ የተባለ ቅንጣት እንደ ሚዛን ድንጋይ ተጠቀመበት። ቅንጣቱ ወደ ሁለት ሙዮኖች ሲፈራርስ የሚሰላው ክብደት ከታወቀው ከራቀ፣ መስኩን ጨምሮ የስሌቱ ግብዓቶች ይታረማሉ። ከዚያም ዜድ ቦዞን በተባለ ሌላ ቅንጣት ውጤቱ ይፈተሻል። ከ100 ሚሊዮን በላይ የደብልዩ ክስተቶች የተመዘኑት በዚህ መንገድ ነው።

ይህ ማለት ሲዲኤፍ መስኩን ሳተ ማለት አይደለም። ያ ቡድንም በታወቁ ቅንጣቶች መሣሪያውን አስተካክሏል፤ የሁለቱ ውጤቶች ልዩነት ምክንያትም እስካሁን አልተገኘም። የሲዲኤፍ መሣሪያ መረጃ መሰብሰብ ካቆመ ከ2011 ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ አዲስ ማስረጃ የሚጠበቀው በዋናነት ከሰርን ነው። በዕቅዱ መሠረት ማፋጠኛው በ2030 ገደማ ከፍ ባለ አቅም ሥራ ሲጀምር፣ የሲኤምኤስ የውስጥ ጠቋሚ መሣሪያ በአዲስ ይተካል፤ ማግኔቱ ግን ያው ነባሩ ይሆናል። የክስተቶቹ ቁጥር ሲበዛ በብዛት ማነስ የሚመጣው ስሕተት ይቀንሳል፤ የመስኩ ስሕተት ግን በራሱ አይቀንስም። ከሺህ አንዷ እጅ የአዲስ ፊዚክስ ምልክት ትሁን የልኬት ጉድለት፣ ፍርዱ በከፊል የሚወሰነው ይህን ነባር ማግኔት ከቀድሞው በተሻለ በማወቅ ነው።