ክኒኑ አንድ፣ ሰውነቱ ለየቅል

በአገራችን ሴቶችን በብዛት የሚይዘው ካንሰር የጡት ካንሰር ነው። ኢስትሮጅን በሚባለው ሆርሞን ለሚያድገው ዓይነት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ታሞክሲፈን ነው፤ ብዙ ጊዜ በየቀኑ ለ5 ዓመትና ከዚያ በላይ ይዋጣል። ክኒኑ ግን ብቻውን አይሠራም። ጉበት ውስጥ ያለው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ኢንዶክሲፈን ወደሚባል ጠንካራ ንጥረ ነገር ሲቀይረው ነው ኢስትሮጅንን በደንብ የሚያግደው።

ይህን ኢንዛይም የሚያዘው ጂን ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። የአንዷ ደካማ ነው፤ ሌላዋ ተጨማሪ ቅጂ አላት። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ተጨማሪ ቅጂ እንዳላቸው አሳይቷል። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው።

ታዲያ አውሮፓ ላይ የተለካው ልክ ለእኛ እናቶች ይሆናል ብሎ ዝም ማለት ይቻላል? አይቻልም። የጂን ምርመራ የታሞክሲፈንን መጠን ይወስን ወይስ አይወስን የሚለው በባለሙያዎች ዘንድ ገና ያከራክራል። ስለዚህ የእኛ ሴቶች ያሉበት ጥናት እዚሁ መሠራት አለበት።

እስከዚያው ከእኛ የሚጠበቅ ነገር አለ። ለድብርት የሚሰጡት ፍሉኦክሰቲንና ፓሮክሰቲን ይህንን ኢንዛይም ያዳክማሉ። እናታችሁ ወይም እህታችሁ ታሞክሲፈን የምትወስድ ከሆነ፣ ስልካችሁን አውጡና ቤት ያለውን መድኃኒቷን ሁሉ ፎቶ አንስታችሁ ለሐኪሟ አሳዩ። በራሷ ፈቃድ ግን አንዱንም እንዳታቋርጥ፤ የሚለውጠው ሐኪሟ ነው።